ሐረጉን ሲስቡ

ከሸዋ ሮቢት በታች፣ ወንዙ ከሚዞርበት፣
ሁለት ጥማድ ማሾ ነበረኝ፣ የእኩል እርሻ መሬት።
አበባው ቢጫ ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት ሲስቅ፣
ክሽክሽ ወረደበት፣ እንደ ጥላሸት ጨርቅ።

እኔም ያን ጊዜ ጎበዝ፣ መርጫ በጀርባዬ፣
ጓንት የለ፣ ጭንብል የለ፣ ሻሽ ነው መከለያዬ፤
የእታፈራሁ ሻሽ፣ ያውም የሠርጓ ማግስት፣
ሽታው መርዝ ሆኖ ቀረ፣ አልጠራ አለ ባሥር እጥበት።
‹አንድ ክዳን ይበቃል›፣ ነበር ያለኝ ባለሱቅ፤
የተናደደ ገበሬ፣ መቼ ያውቃል መጠንቀቅ!
ሦስት ጨመርሁ።

በማግስቱ ክሽክሹ፣ ረግፎ እንደ ገለባ፣
ፉጨት እያፏጨሁ፣ ማሳው መሃል ስገባ፣
ንብ አየሁ። አንዲት ንብ፣ በጀርባዋ ተኝታ፣
በእግሯ አየር ስትቧጥጥ፣ መነሻውን አጥታ።
ቀጥሎ ሌላ ንብ። ቀጥሎ... መቁጠር ተውሁ።
የማን እንደሆኑ ግን፣ ሳልጠይቅ አወቅሁ።

ከአጥሬ ማዶ ዋርካ ላይ፣ ቀፎውን የሚያኖር፣
ሸዋንግዛው የሚባል፣ ቃሉ የሚቆጠር፤
ከስድስቱ ቀፎዎቹ፣ አራቱ ዝም አሉ፤
ሁለቱም እንደ በሽተኛ፣ ቀስ ብለው ያቃስታሉ።
ክስ ጠበቅሁ። ሽማግሌ ጠበቅሁ። ዱላም ጠበቅሁ።
በሌሊት ውሻ ሲጮኽ፣ ‹መጣ› እያልሁ ነቃሁ።

በአራተኛው ቀን ማታ፣ ሲቆም ከአጥሬ በር፣
በክንዱ የጠቀለለው፣ ሐረግ ብቻ ነበር።
ሐረግ! ያ የምናውቀው፣ ቁልቋል ላይ የሚንጠላጠል፣
ልጆች ዥዋዥዌ ሲሉ፣ እጃቸውን የሚያቃጥል፤
ፍየል አሽትታ የምታልፈው፣ ስም እንኳ ያልሰጠነው፣
አጥር አጨናነቀ ብለን፣ በየክረምቱ የምንመነጥረው።

‹ቀጥቅጠህ ዘፍዝፈው፣ ውሃ ውስጥ ይደር፤
ማታ ማታ እርጨው፣ ንብ ከቀፎው ሲያድር።
ይሄ ገዳይ አይደለም፣ አስኮራፊ ነው፤
ተባይ ምሳው ሲመርረው፣ ጥሎ ነው የሚሄደው።›

‹ካሣውን...› ብዬ ጀመርሁ፣ ቃሉ ጉሮሮዬን አንቆ፤
‹ንብ በብር አይነሣም› አለ፣ ሐረጉን ከክንዱ አላቅቆ፤
‹ይልቅ አጥርህ ላይ ትከለው፣ ይውጣ፣ ይጠምጠም፣ ይሂድ፤
ወደ እኔም አጥር ከዞረ፣ አልቆርጠውም በማጭድ።›

ሐረግ ስል ድሮ የማውቀው፣ ለርስት ሲቆጠር፣
‹የእገሌ የልጅ ልጅ› ሲባል፣ ለአንድ እርምጃ ድንበር፤
ሐረግ ብለው ያሳዩኝ፣ በብራና ራስጌ፣
ቀይና ቢጫ ተጠማዞ፣ የሚወርድ እስከ ግርጌ።
ያ ሁሉ ሐረግ ግን፣ ከማንም አላሰረኝ፤
ይሄ ስም የለሽ ቅጠል፣ ከጎረቤት ቋጠረኝ።

ልዋሽ አልፈልግም። ማሾው፣ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤
አንዱ ጥግ ተበላ፤ ጎታዬም አልሞላም።
ሦስት ማታ ረጨሁ፣ ዝናብ አጥቦ ወሰደው፤
እንደገና ቀጠቀጥሁ፤ መዳፌ ውሃ ቋጠረው።
ባለሱቁም ሳቀብኝ፦ ‹ዘንድሮ ሥራይ ቀማሚ!›
ይሳቅ። እሱ ለአራት ቀፎ፣ አልነበረም አድማጭ ሰሚ።

እታፈራሁ ግን ሻሿን፣ ከሣጥን ሥር አወጣች፤
አሸተተችው፣ ዝም አለች፣
ቀደደችና በእሱ፣ ሐረጉን ከአጥር አሰረች።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ፣ ሐረጉ ዘሎ ሄዷል፤
አንዱ ጫፍ በእኔ በኩል፣ አንዱ ዋርካውን ይዟል።
‹ሐረጉን ሲስቡ ዛፉ፣ ይነቃነቃል› ይላሉ፤
ትናንት ሦስተኛው ቀፎ፣ መንጋ ገባለት አሉ።

አልሄድሁም ለማየት።
እዚሁ ከአጥሬ ሥር ቆሜ፣ ጫፉን በጣቴ ይዤ፣
እንደ ስልክ ገመድ አዳመጥሁት፣ በዝምታ ተክዤ።